«ካት» የሚለው ዌንደል ብቻ ነው

ሰው ራሱን ሲወድ አይቻለሁ የሚል ዌንደል ሃስኪንስን አላየም። በአሜሪካው ካናብ በረሃ ላይ ፈላጭ ቆራጩ እሱ ነበር። የካውቦይ ፊልሙ መሪ ተዋናይ እሱ፣ ዳይሬክተሩም እሱ። «ካት» ብሎ ቀረጻ ማስቆም የሚችለውም እሱ ብቻ። ቀድሞት አፉን የከፈተ የካሜራ ሠራተኛ ባለፈው ሳምንት ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሸኝቷል።

የቀረው የመጨረሻው ትዕይንት ነው። ጀግናውና ሽፍታው ይታኮሳሉ። ሽፍታው ወዲያው ይሞታል፤ ጀግናው ግን እየተንገዳገደ ስለ ፍትሕ ረጅም ንግግር አድርጎ ነው የሚሞተው። ንግግሩን የጻፈው ማን እንደሆነ መቼም አይጠየቅም። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካላለቀ ገንዘቡን ያወጣው ኩባንያ ፊልሙን ነጥቆ ለሌላ ዳይሬክተር ሊሰጥበት ነው።

ሽፍታውን የሚጫወተው ኦርቪል ፕሩት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በካውቦይ ፊልም ሲገደል የኖረ ሽማግሌ። ከጠዋት ጀምሮ ሲወድቅ ሲነሳ ዋለ። ቦታው በፈረስ ፋንድያ ተሞልቷል። ኦርቪል በወደቀ ቁጥር ዝንብ ከንፈሩን ይወረዋል፤ እሱም ፊቱን ያኮማትራል፤ ዌንደልም ንግግሩን አቋርጦ ይሰድበዋል።

«ሬሳ ዝንብ አያባርርም፤ ስንት ዓመት ስትሞት ኖረህ ዛሬም አልቻልክበትም?» አለው።

ሽማግሌው ይቅርታ ጠየቀ። ምሳውን ሳይነካ፣ ግራ ክንዱን እያሸ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሜካፕ የምትሠራው ሎሬታ ትንሽ ይረፍ ብላ ብትለምን፣ ዌንደል መስታወት ውስጥ ራሱን እያየ ላቤን ጥረጊ አላት። ኤዲያ! ጠረገችለት፤ ምን ታድርግ።

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ተኩስ ሆነ፤ ኦርቪል ወደቀ። በዚህኛው ዙር ዌንደልን ያቋረጠው ነገር አልነበረም። ንግግሩን እስከ መጨረሻው አነበነበው፣ ደረቱን ያዘ፣ ተንበረከከ፣ በአፉ ተደፋ።

ሁሉም ዌንደል «ካት» እስኪል ጠበቀ። አላለም። ሲሞትም ይንዛዛል እንዴ ተባብለው ተሳሳቁ። ፀሐይዋ ከቀዩ ገደል ጀርባ ገባች፤ አሁንም አላለም። ያኔ ሰዉ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። የዌንደል ጀርባ አይንቀሳቀስም። ሎሬታ ቀኑን ሙሉ በደፋው ስትል መዋሏ ትዝ አላትና ራሷን ተጸየፈች። ረዳት ዳይሬክተሩ ዱዌይን መጨረሻ ላይ ሥራውም ገደል ይግባ ብሎ ሮጦ ገባ፤ ሰውዬውን ትከሻውን ይዞ ገለበጠው።

ዌንደል ዓይኑን ገለጠ።

«ማን ግባ አለህ? ያን የመሰለ ሞቴን አበላሸህብኝ።»

ዱዌይን እየተንተባተበ የእውነት የሞቱ መስሎኝ ነው አለ። ይህን ሲሰማ ዌንደል ተንከተከተ፤ ጭራሽ ኩራት ኩራት አለው። ጃኬቱን አራገፈ። ካሜራው የሚበቃውን ያህል ይዞታል፤ ፊልሙ የሱ ሆኖ ቀረ። «ካት» አለ ቀስ ብሎ፣ እያጣጣመ። ከዚያ ሽማግሌውንም አንሱትና ሁላችንም እንሂድ ብሎ ጀርባውን ሰጠ።

ሎሬታ የኦርቪልን ፊት ልትጠርግ ጎንበስ አለች፤ እርጥቡ ጨርቅ ብሌኑን ሲነካው ሽማግሌው ዓይኑን አላርገበገበም።