ባዶው መሃል

በበረዶውና ከፊት በደረሰው ግጭት የታገዱት መኪኖች ዳርና ዳር ተጠግተው መሃሉን ለአምቡላንስ ክፍት ትተውት ነበር። ባዶው መንገድ ዓይን እስከሚደርስበት ተዘርግቷል፤ አንድ ጎማ እንኳ አልረገጠውም። ዲርክ መኪናውን ከብረት አጥሩ አስጠግቶ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ከኋላ እናቱ ደረታቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ከጀርመኗ ኑርንበርግ ከተማ የገና ገበያ የገዙት ኩባያ ከእጃቸው ወድቆ እግራቸው ሥር ተንከባለለ።

«መንገዱ ባዶ ነው፤ ንዳው!» አለች ሚስቱ ኤልከ።

«ክልክል ነው። ደውያለሁ፣ ይመጣሉ። እማዬ፣ ትንሽ ቻይው።»

«ደንቡን አክብረህ ሬሳቸውን ልትወስድ ነው?»

«ተይው ልጄ» አሉ አማቷ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ሰው ምን ይለናል?»

ያኔ ከኋላ ሰማያዊ መብራት ብልጭ አለ።

«ይሄ ከፊት ለተጋጩት ሰዎች ነው» አለ ዲርክ። «የእኛ ገና አልደረሰም።»

ኤልከ በሩን በርግዳ ወረደች። እጆቿን ዘርግታ አምቡላንሱ ፊት ቆመች። በሁለቱም ወገን መስኮቶች ተከፈቱ።

«ውጪ ከመንገዱ! አብደሻል እንዴ?»

ከዚያ የክላክስ ጩኸት ከየአቅጣጫው ወረደባት። ከሁሉ ቀድሞ ክላክስ ያደረገባት ግን ዲርክ ነበር።