አልጋ ቁጥር ሰባት

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴን ይቁረጠው!

የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዋ የዚያን ጠዋት ፈተና ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች። ፈታኙ ፕሮፌሰር አልጋ ቁጥር ሰባት ላይ የተኛውን ሰውዬ እያሳየ፣ «የልብ በሽተኛ ነው። አዳምጡና የሰማችሁትን ንገሩኝ» አለ። ሰውየው ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ «ዝም ብለህ ተንፍስ!» ብሎ አሸማቀቀው።

አብረዋት የሚፈተኑት አምስቱ ጓደኞቿ በየተራ አዳመጡ። አንዱ ፉጨት ሰማ፤ ሁለተኛው ፉጨቱ ላይ ጉርምርምታ ጨመረበት፤ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ጉበቱም አብጧል አሉ። ፕሮፌሰሩ ልጁን እንደዳረ አባት ደስ አለው።

እሷ ሁለቴ አዳመጠች። ድም ድም ከማለት በቀር ምንም የለም።

«ፕሮፌሰር፣ እኚህ ሰው ጤነኛ ናቸው።»

«ጆሮሽን ቤት ረስተሽው ነው የመጣሽው? ወድቀሻል!»

ይኼኔ አንድ ፊቱ ያበጠ ሰው ግድግዳ ተደግፎ እያለከለከ ገባ።

«አንተ ጓንጉል! ሽንት ቤት ደርሼ እስክመለስ፣ አስታማሚ ሆነህ መጥተህ አልጋዬን ትወርሳለህ? በል ተነስልኝ!»

ምላሴን ለማትረፍ አንዲት ነገር ልናዘዝ፦ ተማሪዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። አምስቱ ግን ዛሬ ሐኪሞች ናቸው።