መድረኩ ሥር የቆመው ዳኛ
የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ሬዲዮ ጣቢያው የቅዳሜውን የሮክ ፕሮግራም ለእኔ ወይም ለአንድ ጎረምሳ ሊሰጥ በቀጥታ ስርጭት አወዳደረን። ጎረምሳው የአንድ የዴንማርክ ሄቪ ሜታል ባንድ አምስት ምርጥ ዘፈኖችን ዝርዝር ከወረቀት አነበበ።

«ይሄማ ሕፃን ማስተኛ ነው!» አልኩት። «እኔ ኮፐንሃገን አርባ ኮንሰርታቸውን መድረኩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ጊታሩ ሲጮህ የአዳራሹ ጣሪያ ተነስቶ ይመለስ ነበር። ዘፋኙ ራሱ በየትኛው ልጀምር ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው!»

ጎረምሳው ወረቀቱን አጠፈ። ፕሮግራሙ የኔ ሆነ ስል አንድ አድማጭ ደወለ፤ እዚያው ኮፐንሃገን አብሮኝ የሠራው ዘርጋው ነው።

«መድረኩ ሥር መቆሙ እውነት ነው» አለ ረጋ ብሎ። «ጥበቃዎች ነበርን። ግን ወንድምዬ፣ ጀርባችንን ለመድረኩ ሰጥተን፣ ጆሯችንን በጥጥ ደፍነን አልነበር እንዴ የምንቆመው?»