ለአሮጌው ማሽን የሚሆን ጥቅል

ኩራሞቺ፣ ሃጊዋራ የሚባለውን ሰው አይቶት አያውቅም፤ ቢሆንም ከልቡ ይጠላው ነበር።

የኩራሞቺ ሥራ ማሸግ ነው። ኦካያማ ከተማ ባለች ትንሽ ቢሮ ተቀምጦ፣ ሌሎች ጽፈው የጨረሱትን ፕሮግራም ሊነክስ የሚባለው ሥርዓት በሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተር ሁሉ ላይ እንዲጫን አድርጎ ይጠቀልላል። ሊነክስ ደግሞ አንድ ቤት አይደለም። የአጎትና የአክስት ልጅ የበዛበት ዘመድ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ በርና የራሱ አመል አለው። የሙያው ሕግ ግን ለሁሉም ያው ነው፤ አሮጌ ማሽን ላይ የተሰናዳ ጥቅል አዲሱም ላይ ይሠራል፣ አዲሱ ላይ የተሰናዳው ግን አሮጌው ላይ አይሠራም።

ፕሮግራሙ በካሜራ የሰውን ዓይን እየተከተለ ያለ እጅ የሚያስጽፍ ነበር። አለቃው ኢሶዛኪ ለእንግዳ ሲያስተዋውቅ፣ «በአንድ እጃቸው የኑድል ሳህን፣ በሌላው ቾፕስቲክ ይዘው ፊልም መምረጥ ለሚያምራቸው ሰነፎች የተሠራ» ይላል። አስተያየት የሚልኩላቸው አብዛኞቹ ጌም የሚጫወቱ ጎረምሶች ስለነበሩ ቀልዱ ከእውነት ብዙም አይርቅም።

ሃጊዋራ ግን ሌላ ነው። ዓለም የተወውን አሮጌ ሊነክስ ሙጭጭ ብሎ ይዟል። አዲስ ጥቅል በወጣ ቁጥር ከእሱ ኢሜይል ይደርሳል፤ «አይሠራም» ወይም «አሮጌውን አትተዉ»። ሰላምታ የለ፣ «ዘወትር ስለምትረዱን እናመሰግናለን» የለ፣ አንዳንዴ ስም እንኳ የለ። አከራይ ተከራዩን ሲያስወጣ እንኳ ሰላምታ በሚያስቀድምበት አገር ይህ ሰው ቃል እንደሚቆጥብ ንፉግ ይጽፋል።

ለእሱ ሲባል ጥግ ላይ የተቀመጠው አሮጌ ማሽን ተከፍቶ ጥቅሉ እሱ ላይ መሰናዳት አለበት። ማሽኑ ቀርፋፋ ነው፤ መሀል ላይ ቀጥ ስለሚልም ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ሥራ በማይበዛበት በእሑድ ካልሆነ አይሆንም። እሑድ ደግሞ ኩራሞቺ ልጁን የሚያይባት ቀን ናት። ከሚስቱ ከተፋታ ወዲህ ልጁ ኮዙኤ ከእናቷ ጋር ሂሜጂ ከተማ ነው የምትኖረው። በፊት በፊት ሲቀር ታለቅስ ነበር። በኋላ፣ «አባዬ፣ ካልተመቸህ ችግር የለም» ማለት ለመደች። ከልቅሶዋ ይልቅ ይሄ አንጀቱን ቆረጠው።

«ስልክ ቁጥርህን ላክ በለው» አለ ኢሶዛኪ አንድ ቀን። «አፍ ለአፍ ተነጋግረን ይዋጣልን።»

ኩራሞቺ ጻፈ። ግማሽ ቀን ቆይቶ «ስልክ አልችልም» የሚል መልስ መጣ። ማሽኑን ለምን አያድስም ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ደግሞ በማግስቱ፣ «አልችልም» ተባለ።

ኢሶዛኪ ሳቀ። «ኩራሞቺ፣ አልገባህም? እንዲህ የሚባል ሰው የለም። የናጎያዎቹ ሰው ነው፤ ጊዜያችንን እንዲበላ ያስቀመጡት።» ናጎያ ውስጥ ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚሸጥ ተፎካካሪ ነበራቸው።

«ከሆነማ ደመወዝ ይጨምሩለት» አለ ኩራሞቺ። «ሥራውን ያውቅበታል።»

በመከር የኮዙኤ ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን እሑድ ላይ ዋለ። አዲሱ ጥቅልም በዚያው ሳምንት መውጣት ነበረበት። ኩራሞቺ አሮጌውን ማሽን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ሁሉንም አዲሱ ላይ አሰናዳና አርብ ዕለት ለቀቀው።

ጃኬቱን ሲለብስ ኢሶዛኪ፣ «ለአሮጌዎቹ አጥር አበጅተሃል አይደል?» አለው።

አጥሩ አንዲት መስመር ጽሑፍ ናት። እሷ ከሌለች አሮጌው ማሽን አዲሱን ጥቅል የራሱ መስሎት ይቀበላል፤ በራሱ ጊዜ የሚሠራውን አጥፍቶ የማይሠራውን ይተካል።

«ውይ፣ ረስቻት» አለ ኩራሞቺ፤ ባቡሩ ሊያመልጠው ነው። «ምን ችግር አለው፣ አሮጌው ላይ የቀረው እንደሆነ እሱ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከተጎዳ ይጮኻል፤ መጮህ መቼ ይሰለቸዋል?»

«በል ሂድ፤ ሲጮህ እናያለን።»

ኮዙኤ በሩጫው ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣች። የሩዝ ድቡልቡሉን አብረው በሉ፤ አፏን ሞልታ ስትስቅ ሲያያት ጥርሷ መቼ እንደወለቀ እንኳ እንደማያውቅ ገባው። እነዚያን ሁሉ እሑዶች ለማያውቀው ባለጌ መገበሩ አንገበገበው።

ሰኞ ከሃጊዋራ ምንም አልመጣም። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፤ ዝም።

«ተነቃበታ!» አለ ኢሶዛኪ። «አሁን ሌላ ሰው ላይ ልከውታል።»

ኩራሞቺ ሆዱ ቅቤ ጠጣ። አሮጌውን ማሽን በገዛ እጁ ነቅሎ ጣለው። ከዚያ ወዲያ አንድም እሑድ አልቀረበትም።

በብርዱ ወራት ኦሳካ ውስጥ የሊነክስ ሰዎች ጉባኤ ነበረና ሁለቱ ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ሽበታም ሴት በጨርቅ የተጠቀለለ የጣፋጭ ሣጥን ይዛ መጣች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

«ሃጊዋራ እባላለሁ። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አስቸግሯችኋል።»

ኢሶዛኪ ኩራሞቺን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ያለ ሰላምታ ይጽፍላችሁ እንደነበር አውቃለሁ» አለች ሴትየዋ። «አንድ ቀን ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅለት አደራ ብሎኝ ነበር። ዘገየሁ።»

ኩራሞቺ ለዚህ ሰው ያጠራቀመው ስድብ ብዙ ነበር። ሽበቷን ሲያይ ግን ዋጠውና ሣጥኑን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ኧረ ግድ የለም። አዲሱ ሳይስማማቸው አልቀረም፤ ከመከር ወዲህ አንድ ቃል አልጻፉልንም። ምነው ታዲያ እሳቸው ራሳቸው ቢመጡ?» አለ። የመጨረሻዋን ለመውጋት ብሎ ነው የጣላት።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። «ከመከር ወዲህ ለእኛም አንድ ቃል አልተናገረም» አለች። «ከታመመ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዓይኑ በቀር የሚታዘዝለት አካል የለውም።»