አንዲስ ተራራ ላይ ያሳለፍኳቸው አምስት ቀናት

ከዚህ ወሬ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች ምላሴ ይቆረጥ! ፔሩ ውስጥ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ፣ አራት መቶ ዓመት ባስቆጠረ የእንግዳ ማረፊያ አምስት ቀን ሰነበትኩ። ባለቤቲቱ ከፍታው እንዳይጥለው ብላ የመጣውን እንግዳ ሁሉ የኮካ ቅጠል ሻይ ታጠጣለች። እኔ ኩባያውን መለስኩላት። «እመቤቴ፣ እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ከፍታ ራሱ እኔን ይፍራ!» አልኳት። በማግስቱ ከማረፊያው ጀርባ ያለውን በረዷማ ተራራ በሩጫ ወጣሁት፤ አስጎብኚው ቢደክመው አዝዬው ወረድኩ።

ይህን የማወራው ለወይዘሮ ስንዱ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በየሳምንቱ ተራራ የምትወጣ፣ እኔም አግቢኝ እያልኩ ሦስት ዓመት የተለማመጥኳት ሴት ናት። ዛሬ ገና ፈገግ አለችልኝ።

«እንዲህ ከሆነማ እሁድ ጉና ተራራን አብረን እንውጣ። መልሴን ጫፉ ላይ እነግርሃለሁ» አለች።

«በአንድ እግሬ!» አልኩ።

ፔሩ አብራኝ የሄደችው ታናሽ እህቴ ፀዳለ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንዱዬ፣ በማርያም እንዳትወስጂብኝ» አለቻት። «አምስቱንም ቀን ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተሰክቶለት ተኝቶ ነው የከረመው። ተራራውን የወጣሁት እኔ ነኝ።»