የቤት ሥራ

የመንግሥት ሠራተኞች በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት እንዲሠሩ ሲፈቀድ፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከንፈሩን አጣመመ።

«ከቤት ሥራ ማለት አልጋ ላይ ተጋድሞ ደመወዝ መብላት ነው!» አለ።

በተለይ ፋይል መርማሪዋን ትርፌን ይንቃታል። አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ከነፒጃማዋ ሊይዛትና ማስጠንቀቂያ ሊሰጣት ቤቷ ድረስ ሄደ። በሯ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል።

«ይኸው! በመንግሥት ሰዓት ንግድ ጀምራለች» ብሎ ደስ አለው። ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ፣ «አባባ፣ ምን ትሸጣለች?» አላቸው።

«ኧረ ፋይላችንን እያየችልን ነው። ቢሮማ ስንት ወር ተመላለስን፤ ‹ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው› ይሉናል።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩትና አዘኑለት።

«አንተንም ያ የማይረባ አንገላታህ? በል ና፣ ከኋላዬ ቁም ልጄ።»