የፊት መብራት ፈላጊው

«የድሮ ኮሮላ የፊት መብራት ከአገር ጠፍቷል» የሚለው ወሬ ከሰው አፍ አልወርድ ብሏል። ሰውዬው ነገ ሙሽራ እህቱን የሚያጓጉዝባት ኮሮላ ደግሞ አንድ ዓይና ናት። አስመጪው ሱቅ «ሦስት ወር ጠብቅ» አለው። ቴሌግራም ላይ ለጠፈ፤ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላገኘው ደላላ ሁሉ «ለማንም እንዳትነግር» እያለ ስልክ ቁጥሩን ሰጠ። ደላሎቹ ቁጥሩን እየተቀባበሉ አዳረሱት።

ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ጭራሽ ያላናገረው አንድ ደላላ መብራቱን ይዞ ከፊቱ ቆመ።

«በእጥፍ ነው ጋሼ። አንድ ሰውዬ እንደ እብድ እየፈለገው ነው፤ ደላሎች ቁጥሩን አሁን ልከውልኛል።»

«ለዚያ ቀበጥ ከምትሰጠው ሦስት እጥፍ ውሰድ» አለና ከፈለ፤ መብራቱንም እንደ አራስ ልጅ አቀፈው።

ደላላው ሆደ ቡቡ ነው፤ ያ ምስኪን በከንቱ እንዳይጠብቅ ብሎ ደወለለት።

የጮኸው የሰውዬው ኮት ኪስ ነው።